በኅዳር ወደ ዴልሂ አትሂዱ ያለን ሰው አልነበረም

ሕንድ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ለሕክምና የሄደ ዘመድ፣ ልጁን ለትምህርት የላከ ጎረቤት ወይም ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በረራው ቀጥታ ነው። የእናቶቻችን ትውልድ ደግሞ የሕንድ ፊልም እያየ፣ ዘፈኑን ቃሉን ሳያውቀው እያንጎራጎረ ያደገ ነው። እናም እኔና ጓደኛዬ የዓመት ፈቃዳችንን አጠራቅመን ዴልሂን፣ አግራን፣ ቫራናሲንና ጃይፑርን አይተን በሙምባይ ለመመለስ ስንነሳ፣ ምክር የጠየቅነው ሁሉ የሚለው አላጣም። ስለ ሐኪም ቤት ነገሩን። ስለ ጨርቅ ገበያ ነገሩን። ቅመማቸው ከበርበሬያችን አይብስም አሉን። ስለ አየሩ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ አስም አለብኝ። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ሲበረታ ያስቸግረኛል እንጂ ከሥራ አስቀርቶኝ አያውቅም። ዴልሂ ላይ ግን ሆስፒታል አስገባኝ፤ የጉዟችንንም ግማሽ አስቀየረን። ይህን የምጽፈው አስም፣ ሳይነስ ወይም የልብ ሕመም ኖሮባችሁ፣ አለዚያም ሕፃን ወይም አዛውንት ይዛችሁ ወደዚያ ለምትነሱ ነው። ጤነኞች የሆናችሁም ስለ ባቡሩና ስለ ደላላው የምለውን ብታነቡት አትከስሩም።

ከቤት ሳትወጡ ማለቅ ካለበት ልጀምር። ቢጫ ካርድ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱ እዚያ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ ከሌለ ወይም ቀኑ ካልሞላ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩ ይችላሉ። አንዴ የተከተበ ሰው ዕድሜ ልኩን ስለሚያገለግለው አሮጌ ካርድ አትጣሉ። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑንም እዩ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። የጓደኛዬ ካርድ የአባቷን ስም በአንድ ፊደል አሳስቶት ስለነበር ቦሌ ከመሄዳችን በፊት ሮጣ አስተካከለችው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ብር እዚያ አይመነዘርም። ዶላር ይዛችሁ እዚያው ወደ ሩፒ ትመነዝራላችሁ። ኤርፖርት ላይ ለታክሲና ለምሳ የሚበቃውን ብቻ መንዝሩ፤ የቀረውን ከተማ ውስጥ። የመነዘራችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ መጨረሻ ላይ ይፈለጋል። አገሬው ከሱፐርማርኬት እስከ ሻይ ሻጩ ድረስ በስልክ ስካን እያደረገ ነው የሚከፍለው። እኛ ግን የእነሱ ባንክ የለንም። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉ ደግሞ "ዝርዝር የለኝም" የሚባለው ነገር እዚያም አለ። የሃያ፣ የሃምሳና የመቶ ሩፒ ኖቶች ባገኛችሁ ቁጥር አጠራቅሙ።

አውሮፕላኑ ዴልሂ ሊያርፍ ሲል መሬቱ አይታይም ነበር። ደመና መሰለኝ። በሩ ተከፍቶ ስንወጣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በኋላ እንደተረዳነው በጥቅምትና በኅዳር ለዴልሂ ቅርብ በሆኑት በፑንጃብና በሃሪያና ክልሎች ገበሬዎች ሩዙን ካጨዱ በኋላ ቀጣዩን ስንዴ ለመዝራት ገለባውን እዚያው ማሳው ላይ ያቃጥሉታል። በዚያ ላይ የመኪናው ጭስ፣ የፋብሪካው፣ የግንባታው አቧራ አለ። ቅዝቃዜው ሲገባና ነፋሱ ሲቆም ይህ ሁሉ ከተማዋ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሕንዶች የአየሩን ብክለት ከ0 እስከ 500 በሚደርስ ቁጥር ይለኩታል። እስከ 50 ጥሩ ነው። ከ400 ካለፈ "ከባድ" ይሉታል፤ ጤነኛውንም ሰው ይጎዳል። በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከ400 በላይ ነበር። እኔ ያኔ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ቀን እንደማንኛውም ቱሪስት ነው የዋልነው። ሜትሮው ግሩም ነው፤ ርካሽና ንጹሕ፣ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተለየ። በእሱ ወደ አሮጌዋ ዴልሂ ሄድን። ቀይ ምሽጉን አየን። ሰኞ ዝግ ነው፣ ያዙልኝ። ሰሜን ሕንድን ይገዙ ከነበሩት ከሞጎሎቹ ነገሥታት አንዱ የሆነው ሻህ ጃሃን ያሠራውን ጃማ መስጊድ ደረጃ ወጣን። በቻንድኒ ቾክ ጠባብ መንገዶች በብስክሌት ሪክሾ ስንዞር ዋልን። አፌን በነጠላ ሸፍኛለሁ። ነጠላም ሆነ ተራው የጨርቅ ማስክ ለዚያ አየር ምንም አይፈይድም፤ የሚጎዳው ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሰተት ብሎ ያልፋል። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ፊት ላይ ግጥም ካለ።

ሌሊት ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ፓፉን ነፋሁ፤ ለውጥ የለም። ደግሜ ነፋሁ። ጓደኛዬ "ደህና ነሽ?" ስትለኝ መልሱን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቃተኝ። አስም ያለበት ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፣ የማታውቁ ደግሞ እወቁት። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ እግዜር ይስጠው፣ ታክሲ ጠርቶ አብሮን ሄደ።

ሆስፒታሉ ጥሩ ነበር። ግን ለውጭ ዜጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፓስፖርትና ቅድሚያ ክፍያ ነው። ጓደኛዬ ገንዘብ ልትከፍል ስትሮጥ እኔ ኔቡላይዘር (መድኃኒት የሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ላይ ነበርኩ። የጉዞ ኢንሹራንስ ብንገዛም ብዙውን ጊዜ እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚመለስላችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ደረሰኝና ስትወጡ የሚሰጣችሁን የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት ያዙ። ከአገር ስትወጡ የአስም መድኃኒታችሁን ሁለት አድርጋችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ የሐኪም ወረቀትም ጨምሩበት። እዚያ ፋርማሲ ስትገዙ በንግድ ስሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም ጠይቁ። "ሳልቡታሞል" ካላችሁ ማንም ይገባዋል። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥራቸው 112 ነው።

ሲነጋ የመጣችው ሐኪም ጎልማሳ ሴት ናት። ደረቴን አዳመጠችና ወዴት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ነገርናት። "ጉብኝታችሁን አትተዉ" አለችን። "ዴልሂን ግን ልቀቁ። ቫራናሲንም ተዉት። በዚህ ወር ከጋንጀስ ወንዝ ሜዳ ራቁ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ሂዱ። እኛም መሄድ ብንችል እንሄድ ነበር።"

አልጋው ላይ ካርታ ዘርግተን ተቀመጥን። ቫራናሲ ተሰረዘ። የተከፈለበት ሆቴል ነበር፤ ገንዘቡ አልቆጨንም ብል ውሸት ነው። በምትኩ ጃይፑርን አስረዘምን፣ አህመዳባድንና የኤሎራን ዋሻዎች ጨመርን። አግራ ላይ ግን አመነታን። አየሯ ከዴልሂ ብዙም አይሻልም። ጓደኛዬ ግን "ታጅ ማሃልን ሳላይ ብመለስ እናቴ በር አትከፍትልኝም" አለች። ግማሽ ቀን ብቻ ብለን ተስማማን፣ ማስክ ግጥም አድርጌ።

የባቡር ትኬቶቻችንን ለመቀየር ወደ ኒው ዴልሂ ጣቢያ ሄድን። ገና በሩ ላይ ስንደርስ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው መጣ። ትኬታችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል፣ ኑ ላሳያችሁ አለ። ትሑት ነው፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ልከተለው ምንም አልቀረኝም። ጓደኛዬ ግን መርካቶ ያደገች ናት። "እስቲ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው" ብላ ደረጃውን ወጣች። ቢሮው አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በፓሃርጋንጅ ሰፈር በኩል፣ ክፍት ነበር። ሰውየው የሚወስደን አጠገቡ ወዳለ የጉዞ ወኪል ነው፤ እዚያ ባቡር የለም ተብሎ መኪና በእጥፍ ዋጋ ያስከራዩሃል። ዘዴው የታወቀ ነው፣ ብዙ ሰው ተበልቶበታል። ጣቢያ ላይ ሳትጠሩት መጥቶ የሚረዳችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉ። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ቢሮው ድረስ ራሳችሁ ግቡ።

ስለ ትኬት ሁለት ነገር ልጨምር። "ዌይትሊስት" የሚል ትኬት መቀመጫ የለውም፤ ሌላ ሰው ካልሰረዘ አትሳፈሩም። ሁለተኛው በተለይ ለእኛ ለሐበሾች ነው። ባቡሩ 00:40 የሚል ከሆነ ቀኑ የተቀየረ መሆኑን አትርሱ። እኛ ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር ስለምንቆጥር "የሐሙስ ሌሊት" ብለን የያዝነው ባቡር እነሱ ዘንድ የዓርብ ነው። ተሳስታችሁ በማግስቱ ማታ ብትሄዱ ባቡሩ የሄደው ትናንት ነው።

ወደ አግራ ጋቲማን ኤክስፕረስ የሚባለውን ያዝን። ከሃዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ይነሳል፤ አግራ ለመድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ዓርብ አይሄድም፤ ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነዋ። ይህን ሳያውቁ ዓርብ አግራ ደርሰው ከበር የሚመለሱ አሉ።

ሁሉም የሚመክረው ታጅን ፀሐይ ስትወጣ እዩ እያለ ነው። በሌላ ወር እውነት ሊሆን ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ጠዋት ላይ ጉምና ጭስ ይውጠዋል። ትኬቱ ደግሞ የሚያገለግለው ለ3 ሰዓት ነው። ማልዳችሁ ገብታችሁ ነጭ ጉም ስታዩ ጊዜው ያልቅባችኋል። እኛ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ለውጭ ዜጋ 1,100 ሩፒ፣ መቃብሩ ያለበት ውስጥ ለመግባት ተጨማሪ 200 ከፈልን። አንድ ዘበኛ ጓደኛዬን የደቡብ ሕንድ ሰው መስላው ወደ ባለ 50 ሩፒው ሰልፍ ሊወስዳት ነበር፤ አልተቃወመችም፣ አንድ ቃል ሂንዲ ሲጠይቃት ነው ነገሩ የተበላሸው። ምግብ፣ ትልቅ ቦርሳና የካሜራ መቆሚያ አያስገቡም። የታሸገ ውኃና የጫማ ሽፋን ከትኬቱ ጋር ይሰጣሉ።

እና ታጅ? በሥዕል ሺህ ጊዜ ያየሁትን ነገር ሳየው ብዙም አልደነቅ ይሆናል ብዬ ነበር። በትልቁ በር ቅስት ውስጥ ሲመጣ ቆሜ ቀረሁ። ሻህ ጃሃን ያሠራው ሚስቱ ሙምታዝ ማሃል በ1631 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ስለሞተችበት ነው። በሩ ላይ የተቀረጸውን የቁርኣን ጽሑፍ እዩልኝ። ከታች ወደ ላይ ፊደሉ እየተለቀ ስለሚሄድ ቆሞ ለሚያነበው ሰው ሁሉም እኩል ይመስላል። አራቱ ሚናሮችም ጥቂት ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው፤ የምድር መናወጥ ቢጥላቸው መቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ነው ይባላል። ያለ አስጎብኚ ይህን ሁሉ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። አስጎብኚ ከያዛችሁ ግን ፈቃድ ያለው ይሁን። "ለማየት ብቻ" ብሎ ወደ እብነ በረድ ሱቅ ሲጎትታችሁም እምቢ በሉ፤ ኮሚሽን አለው።

ከታጅ ይልቅ ልቤ ላይ የቀረው የአግራ ምሽግ ነው። ሻህ ጃሃን ሲታመም ልጆቹ ለዙፋኑ ተፋጁ። ያሸነፈው አውራንግዜብ አባቱን በ1658 እዚያ ምሽግ ውስጥ አሰረው። ሰውየው እስከሞተበት 1666 ድረስ የሚስቱን መቃብር በሩቁ በመስኮት እያየ ኖረ። እኛ በዚያ ሰገነት ቆመን ስናይ ታጅ በጭሱ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አውራንግዜብን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ጃይፑር ስንደርስ ትንፋሼ ተመለሰ። አየሩ እንደ ደብረ ብርሃን ንጹሕ ነው አልላችሁም፤ ከዴልሂ ጋር ግን አይወዳደርም። ከተማዋን ሳዋይ ጃይ ሲንግ ሁለተኛ በ1727 በመስመር ነድፎ ቆረቆራት። ሮዝ የተቀባችው በ1876 የእንግሊዙን ልዑል ለመቀበል ነው። ሃዋ ማሃል 953 ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ የተሠራ ነው። ፎቶ ለማንሳት ውስጡ ከመግባት ይልቅ ፊት ለፊቱ ያለ ካፌ ፎቅ ላይ ሻይ ማዘዝ ይሻላል። ጃንታር ማንታር ደግሞ ያው ንጉሥ ያሠራው የከዋክብት መመልከቻ ነው፤ 27 ሜትር ቁመት ያለው የፀሐይ ሰዓት አለው። እኩለ ቀን አካባቢ ሂዱ፣ ጥላው ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ወደ አምበር ምሽግ በዝሆን የሚወጣ አለ። እኛ በእግር ወጣን። ለዝሆኖቹም የተሻለ ነው፣ ለኪስም።

ጃይፑር የከበረ ድንጋይ ከተማ ናት። ሻይ ጋብዞ፣ ስለ አገራችሁ ጠይቆ፣ በመጨረሻ "ይህን ድንጋይ ይዛችሁ ሄዳችሁ ብትሸጡት እናንተም እኔም እንጠቀማለን" የሚል ወጣት ያጋጥማችኋል። የሚሰጣችሁ ድንጋይ መስታወት ነው። ሻዩን ጠጥታችሁ ተነሱ።

ጾመ ነቢያት የገባው ጃይፑር ሳለን ነው። ጓደኛዬ ጿሚ ናት፤ ሕንድ ደግሞ የአትክልት ተመጋቢ አገር ስለሆነ ምንም አልተጨነቀችም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እነሱ "ቬጅ" የሚሉት ሥጋ የሌለበትን ነው እንጂ ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር የሚሉት አይብ በሽ በሽ ነው። ምስር ወጡ ሳይቀር ጊ በሚሉት ንጥር ቅቤ ይቁላላል። ናን የሚሉት ዳቦ እርጎ ይገባበታል። "ጾመኛ ነኝ" ማለት ደግሞ የባሰ ነው። የሂንዱ ጿሚ እህል ትቶ ወተት ይጠጣል፤ አስተናጋጁ ደስ ብሎት አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይዞላት መጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጾም ማውራቱን ትታ "ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጊ የለም፣ ዘይት ብቻ" እያለች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሽምብራ ወጡ ቻና፣ ቦሎቄው ራጅማ፣ ድንችና አበባ ጎመኑ አሉ ጎቢ በዘይት ሲሠሩ ግሩም የጾም ምግብ ናቸው። ቂጣውን ሮቲ "ያለ ቅቤ" ብላችሁ እዘዙ። የደቡቦቹን ዶሳ የሚሸጥ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ በዘይት ይጋግሩላችሁ። ከሩዝና ከምስር ሊጥ አቡክተው የሚጋግሩት ስለሆነ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ እንጀራ ለናፈቀው ሰው ይደርሳል።

ከጃይፑር በሌሊት ባቡር አህመዳባድ ገባን። ይህች ከተማ በመጀመሪያው ዕቅዳችን ውስጥ አልነበረችም። ብዙ ቱሪስትም አይሄድባትም፤ ግን በሕንድ የመጀመሪያዋ የዓለም ቅርስ ከተማ ተብላ በ2017 የተመዘገበች ናት። ያለችበት ጉጅራት መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ክልል ስለሆነ ቢራ አትፈልጉ። ጋንዲ የኖረበት የሳባርማቲ አሽራም እዚያ ነው፤ በ1930 ወደ ባሕር ለጨው የተጓዘው ከዚያ ግቢ ተነስቶ ነው። እኛን ግን የወሰደን ሌላ ነገር ነው። መሀል ከተማ፣ መኪና በሚዞርበት አደባባይ ዳር፣ ትንሽ ቢጫማ የድንጋይ መስጊድ አለች። ያሠራት ሲዲ ሳይድ የሚባል ሐበሻ ነው። በ1573 ገደማ፣ ጉጅራት ገና የራሷ ሱልጣን በነበራት የመጨረሻ ዘመን።

መስኮቶቹ ከድንጋይ የተፈለፈሉ መጋረጃዎች ናቸው። አንዱ ላይ ዘንባባና የተጠላለፉ ቅርንጫፎች ያሉት ዛፍ ተቀርጿል። ድንጋይ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የከተማዋ ምልክት ሆኗል፤ ስመ ጥሩው የአስተዳደር ትምህርት ቤታቸው አርማ የተወሰደው ከዚሁ መስኮት ነው። መግቢያ አይከፈልም። በሶላት ሰዓት አትሂዱ። ከሰዓት ፀሐይዋ በምዕራብ ስትሆን ብርሃኑ በቀዳዳው ሲያልፍ ነው የሚያምረው። ጓደኛዬ አጠገባችን ለቆሙ ተማሪ ልጆች "ይህን የሠራው የአገሬ ሰው ነው" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ፎቶ አብረውን የሚነሱት ሰልፍ አላልቅ አለ። በነገራችን ላይ የእነዚያ ዘመን አፍሪካውያን ዘሮች "ሲዲ" ተብለው እስካሁን ጉጅራት ውስጥ ይኖራሉ።

ከዚያ በባቡር ወደ ሙምባይ፣ ከሙምባይ በሌላ ባቡር ወደ አውራንጋባድ። የከተማዋ ስም አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል፤ ትኬት ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ሞክሩ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ትልቁን ሻንጣ ሙምባይ አስቀምጠን በጀርባ ቦርሳ ብቻ ሄድን። እንዲህ ባታደርጉ ትደክማላችሁ።

ኤሎራ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማክሰኞ ዝግ ነው። 34 ዋሻዎች አሉ፤ የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን ሃይማኖት ጎን ለጎን። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ 16ኛውን ብቻ እዩ። ካይላሳ ይባላል። ከተራራው አናት ጀምረው ወደ ታች እየፈለፈሉ፣ ሳይገነቡ፣ ከአንድ ዐለት ያወጡት ቤተ መቅደስ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ምን እንደሚሰማው መገመት ትችላላችሁ። ካይላሳ የ8ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ ከላሊበላ አራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። የእኛዎቹ ጠቢባን ከእነሱ ተማሩ እያልኩ አይደለም። ሁለት ሕዝብ ዐለት ፊት ቆሞ አንድ ዓይነት ድፍረት ደፈረ። ፎቶ የሚያነሳው ሁሉ ከታች ነው። ከጎን ባለው የኮረብታ መንገድ ወጥታችሁ ከላይ ወደ ታች እዩት፣ ሥራው ከየት እንደተጀመረ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ለአስም ሰው ዳገቱ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ እኔ ወጥቻለሁ።

ኤሎራ ከሄዳችሁ ሾፌሩን ኩልዳባድ አድርሰን በሉት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ ሾፌር የጠየቅነውን ቦታ አያውቀውም ነበር፤ ሱቅ እየጠየቀ ነው ያገኘው። የማሊክ አምባር መቃብር ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ እየተዛወረ ሕንድ የደረሰ ሰው። አድጎ በዚያ አካባቢ የነበረው የአህመድናጋር መንግሥት አድራጊ ፈጣሪ ሆነ። የዛሬዋን አውራንጋባድ በ1610 ኻድኪ ብሎ የቆረቆራት እሱ ነው። ውኃ በመሬት ውስጥ እንዲመጣላትም አደረገ። የሞጎሎችን ጦር በሽምቅ ውጊያ ለዓመታት አላስገባም ብሎ በ1626 ሳይሸነፍ ሞተ። የሻህ ጃሃን አባት ጃሃንጊር በውጊያ ያላገኘውን የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሥሎ ነበር ቢባል ንዴቱ ይገባችኋል። ሻህ ጃሃን ራሱም ልዑል ሳለ መጀመሪያ ተዋጋው፤ በኋላ በአባቱ ላይ ሲያምጽ ተመልሶ የተጠጋው እሱን ነው።

መቃብሩ ከድንጋይ የተሠራ ባለ ጉልላት ቤት ነው። ሰልፍ የለም፣ ትኬት የለም፣ አስጎብኚ የለም። ከሄዳችሁ ታሪኩን አንብባችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚነግራችሁ አታገኙም።

አውራንግዜብ የተቀበረውም እዚያው ኩልዳባድ ነው። አባቱን ያሰረው። በታጅ ጥላ ያደገ ንጉሥ ለራሱ ጣራ የሌለው፣ ከላዩ አፈር ብቻ ያለበት መቃብር ነው የመረጠው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ቢቢ ካ ማቅባራ የሚባል የሚስቱ መቃብር አለ፤ ታጅን ይመስላል፣ በመጠኑ ግን ያንሳል። ሰው አይበዛበትም፣ አየሩም ንጹሕ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በማስክ ታፍኜ ካየሁት ከታጅ ይልቅ እዚህ ሣር ላይ የተቀመጥኩበት ሰዓት ይበልጥብኛል። ጓደኛዬ በዚህ አትስማማም።

መቼ እንሂድ ለምትሉ፣ ሰሜኑን ማየት ካለባችሁ የካቲትና የመጋቢት መጀመሪያ ይሻላል። ጉሙ ይለቃል፣ ሙቀቱም ገና አልመጣም። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ለብቻው አደጋ ነው። ፈቃድ የምታገኙት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ብቻ ከሆነ በሙምባይ ግቡና ደቡቡንና ምዕራቡን እዩ። ዴልሂንና አግራን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በአየር መለኪያ አፕ የምትሄዱበትን ከተማ ቁጥር ከመነሳታችሁ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ተከታተሉ።

መመለሻችን በሙምባይ ነበር። የሕንድ ኤርፖርት በር ላይ ወታደሮች ትኬትና ፓስፖርት ሳያዩ ሕንፃው ውስጥ አያስገቡም፤ ስልካችሁ ባትሪ ቢጨርስ ችግር ነው፣ ትኬቱን በወረቀት አሳትማችሁ ያዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አታስገቡ። የተረፈ ሩፒ ካላችሁ፣ ያ አስቀምጡ ያልኳችሁ ደረሰኝ የሚፈለገው እዚህ ነው፤ ያለ እሱ ወደ ዶላር ለመመለስ ያስቸግራል። የጓደኛዬ ደረሰኝ ጃይፑር ሆቴል ቀርቶ ስለነበር የተረፋትን በሻይ ቅጠልና በቅመም ጨረሰችው።